የሕዝብ ጣቢያ አናሎግን ሲሰናበት የእናቴ ቲቪ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ «እናቴ የሚኖሩት ከደብረ ሲና ወረድ ብሎ ነው። ኋላው ወጣ ያለ የድሮ ባለ 21 ኢንች ቲቪ አላቸው። ጣሪያው አጠገብ በአጣና የቆመ አንቴና አለ፤ ዲሽ የለንም። ኢቲቪን ያያሉ፣ እሱም ጥርት ብሎ አይደለም። አሁን የአናሎግ ስርጭት ጨርሶ ይቆማል ሲባል እሰማለሁ። ቲቪው ይጣል ማለት ነው? ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሻጭ ‹ዲጂታል አንቴና ካልገዛህ ምንም አታይም› አለኝ። ለመሆኑ የሚሠራውን ነገር ለምን ይዘጉታል?»

መልስ፦ አይጣልም ወንድሜ። እናትህ ቲቪያቸውን ይያዙ። የሚለወጠው በአየር ላይ የሚመጣው ስርጭት ነው። አዲሱን ስርጭት ተቀብሎ ለድሮው ቲቪ በሚገባው መልክ የሚያቀርብ አንድ ትንሽ ሪሲቨር መሃል ላይ ይገባል፣ በቃ። ሻጩንም ለጊዜው «ቆይ» በለው። የእናትህ ቤት ትልቁ ጉዳይ ቲቪውም አንቴናውም አይመስለኝም። ተራራው ነው። እሱ ላይ እመጣበታለሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ዲሽ ያላቸው ጎረቤቶች ካሉ አይጨነቁ። ከሳተላይት የሚመጣው ስርጭት ድሮም ዲጂታል ነው። የሚዘጋው ከምድር ማሰራጫ በአንቴና የሚመጣው አናሎግ ነው። ዲሽ ጣሪያቸው ላይ ተተክሎ «ቲቪያችን ሊዘጋ ነው» እያሉ ሱቅ ለሱቅ የሚዞሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ገንዘባቸውን ይያዙ።

አሁን «የሚሠራውን ለምን ይዘጉታል» ወዳልከው ልሂድ። ኢቲቪ በጥቅምት 1957 ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀለም በ1977 መጣ። ከዚያ ወዲህ ካሜራውም ስቱዲዮውም ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ከማሰራጫው እስከ እናትህ ጣሪያ ያለው አናሎግ መንገድ ግን በመሠረቱ ያው ነው።

ይህ መንገድ አባካኝ ነው። አናሎግ በሰከንድ 25 ምስል ይልካል፣ እያንዳንዱ 625 መስመር ያለው። ዜና አንባቢው ከንፈሩን ብቻ ቢያንቀሳቅስም፣ ከጀርባው ያለው ግድግዳ በሰከንድ 25 ጊዜ እንደ አዲስ ይላካል። ለዚህ ሁሉ ከ7 እስከ 8 ሜጋኸርዝ ስፋት ይያዝና የሚያልፍበት ፕሮግራም አንድ ብቻ ነው። ዲጂታል በዋናነት የተለወጠውን ነው የሚልከው። ቲ2 በሚባለው ስልት በዚያው 8 ሜጋኸርዝ ውስጥ በሰከንድ 40 ሜጋቢት ገደማ ማሳለፍ ይቻላል። በደንብ የታመቀ ተራ ጥራት ያለው ፕሮግራም ደግሞ 2 ወይም 3 ሜጋቢት ይበቃዋል። አስላው። አንድ ፕሮግራም ይዞት በነበረው ቦታ ከ10 በላይ ይገባል።

ለንግድ ጣቢያ ይህ ትርፍ ነው። ለሕዝብ ጣቢያ ከዚያም በላይ ነው። ፓርላማው በቀጥታ ሲተላለፍ የልጆች ፕሮግራም አይቋረጥም። የትምህርት ስርጭት ዜና እስኪያልቅ አይጠብቅም። የተለያዩ ቋንቋዎች በአንድ ሰዓት ላይ አይጋፉም። የመብራቱም ሂሳብ አለ፦ በአናሎግ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ማሰራጫ መቆም አለበት፣ በዲጂታል አንዱ ለሁሉም ይበቃል። ተራራ ጫፍ ላይ በናፍጣ ጄኔሬተር የሚሠራ ማሰራጫ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አናሎጉ ሲዘጋ ነፃ የሚሆነው ሞገድ ደግሞ ለሞባይል ይሰጣል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ694 እስከ 862 ሜጋኸርዝ ያለው ክፍል ድሮ የቲቪ ነበር፤ አሁን ለሞባይል ኢንተርኔት ተፈቅዷል። ሩቅ ስለሚሄድ ለገጠር ይመቻል።

ውሳኔውም የአንድ ጣቢያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኔቫ ላይ የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ጁን 17 ቀን 2015ን ወሰን አደረጉ። ብዙ ሰው «ከዚያ ቀን በኋላ አናሎግ ክልክል ነው» ብሎ ይረዳዋል። እንደዚያ አይደለም። ከዚያ በኋላ የጎረቤት አገር ዲጂታል የአንተን አናሎግ ቢረብሸው አቤት የምትልበት የለም ማለት ነው። ዝቅ ባለው የቪኤችኤፍ ሞገድ ለሚሠሩ አንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ደግሞ ጊዜው እስከ 2020 ተራዝሞላቸው ነበር።

ስለዚህ መዝጋቱ ምክንያት አለው። እኔ የምከራከረው በአዘጋጉ ላይ ነው። አሜሪካኖች መጀመሪያ የቆረጡት ቀን ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2009 ነበር። መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት የ40 ዶላር ኩፖን ያድል ነበር፣ መቀየሪያ ሣጥን እንዲገዙበት። ቀኑ ሳይደርስ ለኩፖኑ የተመደበው ገንዘብ አለቀ። ሰው ተሰልፎ ቀረ። ስለዚህ ወደ ጁን 12 ተገፋ። ያም ሆኖ ብዙ ጣቢያዎች፣ የሕዝብ ጣቢያዎችም ጭምር፣ በመጀመሪያው ቀን ዘጉ። የሁለት ማሰራጫ መብራት መክፈል ከበዳቸው። ከጁን በኋላ ግን አንዳንዶቹ ጥሩ ነገር አደረጉ፤ በአናሎጉ ላይ ለአንድ ወር ያህል «ስርጭታችን ተቀይሯል፣ እንዲህ አድርጉ» የሚል ማስታወቂያ ብቻ እያሳዩ ቆዩ።

ጃፓን ጁላይ 24 ቀን 2011 ስትዘጋ፣ በመሬት መንቀጥቀጡና በሱናሚው የተጎዱትን ሦስት ግዛቶች እስከ ማርች 2012 መጨረሻ አቆየቻቸው። ጎረቤታችን ኬንያ ግን ፌብሩዋሪ 2015 ላይ ተቆጣጣሪው ማሰራጫዎቹን ሲያጠፋ፣ ከትልልቆቹ የግል ሚዲያዎች ጋር የነበረው ክርክር አላለቀም ነበር። የእነሱ ጣቢያዎች ከሁለት ሳምንት በላይ ከአየር ጠፉ። ተመልካቹ ምን አጠፋ?

እኔ የምወደው የእንግሊዞቹን ነው። ዋይትሄቨን በምትባል ከተማ ኦክቶበር 17 ቀን 2007 ጀመሩ። ያን ቀን የዘጉት ቢቢሲ ሁለትን ብቻ ነው። የቀሩትን ጣቢያዎች ከአራት ሳምንት በኋላ ኖቬምበር 14 ላይ ዘጉ። በመሃል ሰው ቢቢሲ ሁለት ሲጠፋበት «ኧረ ይሄ ነገር እውነት ነው» ብሎ ይነቃል፣ ዜናውን ግን አላጣም። ከዚያ ክልል በክልል እየሄዱ ኦክቶበር 24 ቀን 2012 ጨረሱ። አምስት ዓመት መሆኑ ነው። ዕድሜያቸው ከ75 በላይ ለሆኑና ለአካል ጉዳተኞች ቤት ድረስ ሄዶ የሚገጥም እርዳታም ነበራቸው። እንደ እናትህ ላሉ ሰዎች የሚያስፈልገው ይህ ነው። ለሰሜን ሸዋም ቀን የሚቆርጥ ሰው ቢጠይቀኝ የምለው አንድ ነው፦ ዲጂታሉ ገደል ሥር መድረሱ በመሣሪያ ሳይለካ አናሎጉ አይዘጋ።

እንግዲህ ወደ ተራራው። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል። ከዋሻው ስትወጣ ደብረ ሲና እግርህ ሥር ናት፤ መንገዱ ሲወርድ ሲወርድ ሸዋ ሮቢት ላይ 1,300 ሜትር ገደማ ትደርሳለህ። መኪናው እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የቲቪ ሞገድ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ገደል ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንሽ ጎበጥ ይላል እንጂ አብሮህ አይወርድም። በጠፍጣፋ መሬት 100 ሜትር ርዝመት ካለው ምሰሶ የሚወጣ ሞገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ መንዝ ሜዳ ላይ ከማሰራጫ የራቀ ቤት ጥርት አድርጎ ሊያይ ይችላል፤ ገደል ሥር ያለው ደግሞ ቅርብ ሆኖ ላያይ ይችላል። ጀማ በረሃ ወርደህ የምታየውም ይህንኑ ነው።

አሁን አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ መልሱ ከሻጩ ምክር ሁሉ ይበልጣል። «ጥርት ብሎ አይደለም» ስትል ምን ዓይነት ነው? ስክሪኑ ላይ በረዶ የሚመስል ነጠብጣብ ካለ ሞገዱ ደካማ ነው። ከዜና አንባቢው ጎን ሌላ ደብዘዝ ያለ ጥላው ቆሞ ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ የገደል ማሚቶ ነው፣ በምስል። ሞገዱ አንዴ በቀጥታ ይመጣል፤ ከዚያ ከኋላህ ያለውን ገደል መትቶ ዘግይቶ ይመለሳል።

ስንት እንደሚዘገይ ማስላት ትችላለህ። ሞገድ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ይሄዳል። ገደሉ ከቤቱ ጀርባ 1 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ የደርሶ መልሱ ትርፍ መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ 7 ማይክሮ ሰከንድ ይሆናል። በአናሎግ አንድ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ለመሳል 52 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ በእናትህ ባለ 21 ኢንች ቲቪ ላይ ጥላው ከዋናው ሰው 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቆማል። ማስመሪያ ይዘህ ለካው። ገደሉ የት እንዳለ ቲቪው ይነግርሃል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለዲጂታሉ ነው። ቲ2 ዘግይቶ የሚመጣውን ሞገድ የሚታገስበት የእፎይታ ጊዜ አለው። በመቶዎች ማይክሮ ሰከንድ ሊሆን ይችላል፣ እንደ ጣቢያው አሠራር። 7 ማይክሮ ሰከንድ ለእሱ ምንም አይደለም። ስለዚህ የእናትህ ችግር ጥላ ከሆነ፣ ዲጂታሉ ከተመሳሳይ ቦታ በበቂ ኃይል ሲመጣ ከአሁኑ እጅግ የተሻለ ነው የሚያዩት። ደስ ይበልህ።

ችግሩ በረዶ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። አናሎግ ሲደክም ቀስ እያለ ነው። ምስሉ ይነጣል፣ በረዶው ይበዛል፣ ድምፁ ግን ይቆያል። ምስሉ ጠፍቶ ዜናውን በጆሮ የሚከታተል ስንት ሽማግሌ አለ። ዲጂታል እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ሞገዱ ከሚፈለገው ልክ በላይ ከሆነ ጥርት ያለ ምስል ነው። ትንሽ ከልኩ በታች ሲወርድ ምስሉ ኩብ ኩብ ይሆናል፣ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ጥቁር። ድምፁም አብሮ ይሄዳል። «በአናሎግ ትንሽ ትንሽ ይታየኝ ነበር» የሚል ሰው በዲጂታል ጭራሽ ሊያጣ ይችላል።

መፍትሔው የጣቢያው ነው እንጂ የእናትህ አይደለም። በአናሎግ ጊዜ ሸለቆ ለመድረስ ሌላ ማሰራጫ ሲቆም ሌላ ሞገድ ይፈልግ ነበር፤ አለዚያ ሁለቱ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። በቲ2 ብዙ ማሰራጫዎች በአንድ ሞገድ አብረው መሥራት ይችላሉ። ያ የእፎይታ ጊዜ እዚህም ይሠራል። ፊት ለፊት ባለው ጋራ ላይ አነስተኛ ማሰራጫ ቢቆም ገደል ሥር ያለው ሰፈር ይሸፈናል። ግን ማሰራጫው በራሱ ጊዜ አይተከልም። የሰፈራችሁ ሰዎች ተሰብስባችሁ በቀበሌያችሁ በኩል፣ በጽሑፍ፣ «እዚህ ቦታ ይለካልን» ብትሉ ከሁሉም አንቴና ይበልጣል። የአንድ ሰው ስልክ ይረሳል፤ የአንድ ሰፈር ደብዳቤ ይቀመጣል።

ወደ ሻጩ ልመለስ። «ዲጂታል አንቴና» የሚባል የተለየ ፍጥረት የለም። አንቴና ሞገድ ይቀበላል፤ ውስጡ ያለው አናሎግ ይሁን ዲጂታል አያውቅም። የሚለየው የሞገዱ ርዝመት ነው። የአንቴናውን ዘንጎች እያቸው። ከ65 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ ለቪኤችኤፍ የተሠራ ነው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ ከፍ ላለው የዩኤችኤፍ ሞገድ ነው። እናትህ አሁን የሚያዩት በረጃጅሞቹ ከሆነና ዲጂታሉ በዩኤችኤፍ ከመጣ፣ አዎ፣ አዲስ አንቴና ያስፈልጋል። ዘንጎቹ አጫጭር ከሆኑ ግን ያው ይበቃል። አንቴናው መሃል ላይ ማጉያ ካለው ኃይል የሚያገኘው ከየት እንደሆነ እወቅ፤ ያ ሲነቀል ጥሩ አንቴናም ዝም ይላል።

ከአንቴናው ይልቅ ገመዱን እጠራጠራለሁ። በክረምት ውሃ ገመዱ ውስጥ ይገባል፣ ጫፉ ይዝጋል። በአናሎግ ይህ ትንሽ በረዶ ይጨምር ነበር። በዲጂታል ግን ከልኩ በታች የሚጥለው እሱ ሊሆን ይችላል። ጫፉን ቁረጠው፣ እንደገና እሰረው፣ ላዩን በፕላስቲክ ጠቅልለው።

ሪሲቨሩን ስትገዛ ካርቶኑ ላይ በላቲን ፊደል ቲ፣ ከጎኗ የ2 ቁጥር መኖሩን እይ። እንደ አብዛኛው አፍሪካ እኛም የያዝነው ይህን ስልት ነው። 2 ከሌለው አሮጌው ዓይነት ነው፤ የአዲሱን አይከፍትም። በቲ ፋንታ ኤስ ካለው የዲሽ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱንም የሚሠራ ዓይነትም አለ። የእናትህ ቲቪ ኋላው ላይ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ካለው በቀጥታ ይሰካል። የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ካለው፣ በአንቴና ገመድ ለቲቪው የሚያወጣ ሪሲቨር፣ አለዚያም ሞዱሌተር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህን ሳታይ እንዳትገዛ።

አተካከሉም ይለያል። የድሮው «አዙር፣ አዙር፣ መጣ! ሄደ! መልስ!» እዚህ አይሠራም። ዲጂታል ሞገዱን ለመያዝ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። ጣሪያ ላይ ያለው ሰው ትንሽ ያዙር፣ ይቁም፣ ይጠብቅ። ሪሲቨሩ ስክሪን ላይ ሁለት መለኪያ ያሳያል፤ አንዱ የኃይል፣ ሌላው የጥራት። የምትከተለው የጥራቱን ነው። ኃይሉ ሞልቶ ጥራቱ ባዶ ከሆነ ሌላ ነገር እየገባ ነው እንጂ ስርጭቱ አይደለም።

ሰፈራችሁ በምድር ስርጭት ጭራሽ የማይሸፈን ከሆነስ? ያኔ ዲሽ ነው። ኢትዮሳት የሚባለው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ሳተላይት ላይ ነው። ከደብረ ሲና ሲታይ በምሥራቅ ደቡብ ምሥራቅ በኩል ይሆናል፣ ከአድማስ 67 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ። አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ገደላችሁ ደግሞ በምዕራብ በኩል ነው፣ ምሥራቁ ወደ አፋር ክፍት ነው። ስለዚህ ተራራው አይከልለውም። እኔ ብሆን፣ በረዶ የሚያሳይ ቤት ላይ አዲስ አንቴና ከምገዛ ዲሹን አስቀድማለሁ።

አንቴናም ሆነ ዲሽ፣ ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ገመዱን ከቲቪው፣ ሶኬቱንም ከግድግዳ ይንቀሉ። ደመናው ገና ሩቅ እያለ። መብረቅ ጣሪያው ላይ ባይወድቅ እንኳ በአቅራቢያ ሲወድቅ በገመዱ የሚገባው ሪሲቨር ለማቃጠል ይበቃል። የቲቪውን ኋላ ግን አንተም ሆንክ ልጆች እንዳትከፍቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ብዙ ሺህ ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ አሁን ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ጥላ ነው ወይስ በረዶ የሚለውን እይ፣ ዘንጎቹን ለካ፣ የቲቪውን ኋላ ቀዳዳዎች በስልክህ ፎቶ አንሳ። ዲጂታሉ ወደ አካባቢያችሁ ሲመጣ የሚሠራ ሪሲቨር ካለው ሰው ተውሰህ እናትህ ቤት ሞክረው። ከያዘ ትገዛለህ። ሻጩ ጋ ስትሄድም «ቤት ወስጄ ካልያዘ እመልሳለሁ» በለው፤ ደረሰኙ ላይም ይጻፍልህ። እምቢ ካለ ወደ ሌላ ሱቅ ሂድ።